ቅጠሉን ገልጦ የሚያይ ተስፋ

አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የኢተያና የአካባቢዋ ነዋሪዎች!

ስለ ተስፋ እንድናገር ነው የተጠራሁት። የምናገረው ግን ስለ ትልቁ፣ በየመድረኩ ስለሚወሳው የአገር ተስፋ አይደለም። ሰው ጠዋት ከመኝታው ይዞት ስለሚነሳው ስለ ትንሹ ነው፤ ሱቅ ስለሚያስከፍተው፣ ልጅን ደብተር አስይዞ ትምህርት ቤት ስለሚያስልከው፣ ሊበላ የሚችለውን እህል ከጎተራ አስወጥቶ አፈር ውስጥ ስለሚያስበትነው። ይኼ የመጨረሻው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሰኔ ሲያልቅ፣ ሐምሌ ሲገባ፣ የሄጦሳ ወረዳ ገበሬ ማዳበሪያውን በብድርም ይሁን ከጥሪቱ ገዝቶ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ፣ ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ያፈሳል። ከዚያ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ዝናቡ ሊያጥር ይችላል፣ በረዶ ሊወርድ ይችላል፣ ዋግ ሊገባ ይችላል፣ ሁሉም ደህና ሆኖ ገበያው ሊወርድ ይችላል። ይህን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። አውቆም ይዘራል።

ስለዚህ ስለ በጎ እይታ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እናንተ የምታደርጉትን ነገር እኔ በቃል ልገልጸው ልሞክር እንጂ አዲስ ትምህርት ይዤ አልመጣሁም።

ሰው ሲቸገር የምንለው ነገር የታወቀ ነው። «አይዞህ፣ ምንም አይሆንም» እንላለን። «ሊነጋ ሲል ይጨልማል» እንላለን። ለኀዘንተኛ፣ ለታመመ፣ ለከሰረ ሰው ይህ ቃል መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን «ምንም አይሆንም» የሚለው አባባል የኑሮ መመሪያ ሲሆን ሰውን ያስተኛል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ማሳውን ሄዶ አያይም፤ ምክንያቱም ማየቱ ምን ይጠቅመዋል? ምንም አይሆንም ብሎ የተማመነውም ሄዶ አያይም፤ ምክንያቱም ምን ያሳስበዋል? ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ጠዋት ላይ የምታገኟቸው እቤታቸው ነው። ማሳው ውስጥ የምታገኙት ሦስተኛውን ሰው ነው። ነገሩ ሊበላሽ እንደሚችል ያውቃል፤ ቢበላሽ ደግሞ የሚያደርገው ነገር እንዳለ ያምናል። እኔ ተስፈኛ የምለው ይህን ሰው ነው።

በመስከረም ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ከመንገድ ዳር ሆኖ ስንዴን ያየ ሰው የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ የላይኛውን ቅጠል ገለል አድርጎ የታችኛውን ያየ ግን በቅጠሉ ርዝመት በተርታ የተሰለፉ ቢጫ ነጠብጣቦች ሊያገኝ ይችላል። በአውራ ጣት ጠረግ ሲያደርጋቸው እርድ የነካ የሚመስል ዱቄት ጣቱ ላይ ይቀራል። ቢጫ ዋግ ይኼ ነው። የግንድ ዋግ ደግሞ አዝመራው ወደ መብሰሉ ሲጠጋ ይመጣል፤ አገዳው ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ቁስል ያወጣል፤ ማሳውን አቋርጦ የወጣ ሰው ሱሪው ቀለም ይዞ ይገኛል። ሁለቱም በነፋስ ይሄዳሉ። ሁለቱም ቀድሞ ላያቸው ሰው የሚሸነፉ፣ ዘግይቶ ላያቸው ሰው ግን አዝመራ የሚበሉ ናቸው። መድኃኒቱ ነጠብጣቡ እንደታየ ከተረጨ ያድናል፤ ማሳው ከመንገድ ሲታይ ቢጫ ከሆነ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ግን በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የ2002/2003ን የመኸር ወቅት ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ አርሲና ባሌ በስፋት የሚዘሩት ኩብሳና ጋላማ የሚባሉትን ዝርያዎች ነበር። ሁለቱም ከ1987 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ገበሬውን ያበሉ፣ የታመኑ ዝርያዎች ናቸው። ዝናቡ ረዘመ፣ ቅዝቃዜው ተመቸው፣ ቢጫ ዋግ በአገር ደረጃ ተነሣ። ኩብሳን ለዓመታት የጠበቀው መከላከያ በዋናነት በአንድ ዘረመል ላይ የቆመ ነበር፤ ያን ዘረመል የሚያልፍ የዋግ ዘር ሲመጣ የሚመክተው ነገር አልነበረም።

ገበሬው ከዚያ ወዲህ ዲጋሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ። ዲጋሉ ቢጫ ዋጉን ቻለ። በ1991 ዓ.ም. አካባቢ ኡጋንዳ ውስጥ የታወቀውንና ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይችል ነበር። ሁሉም እፎይ አለ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ላይ ግን ከዩጂ 99 የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ ዲጋሉን መታው። ምርታቸው እንዳለ የጠፋባቸው ማሳዎች ነበሩ። በሦስት ዓመት ገደማ ሁለት ጊዜ! የታመነበት ዘር ሁለት ጊዜ የከዳው ሰው በሚቀጥለው ሐምሌ እንደገና ሲዘራ፣ ያንን ጉዳይ ልማድ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። እኔ ይህን ከታላላቅ የሰው ልጅ ሥራዎች አንዱ አድርጌ ነው የማየው።

ግን ደግሞ ገበሬው በባዶ እጁ አልዘራም። የዚህ ታሪክ ሌላው ግማሽ ከዚህ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቁሉምሳ ነው ያለው።

የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን ብዙዎቻችሁ በአጥሩ በኩል ታልፉበታላችሁ። አንድ የስንዴ ዝርያ እንዴት እንደሚወለድ ላስረዳ፤ ለነገሬ ዋና ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ተመራማሪው ሁለት ስንዴዎችን ያዳቅላል። የአንዱን አበባ ወንዴ ክፍል በጥንቃቄ በወረንጦ እየለቀመ ያወጣል፤ በላዩ የሌላውን ብናኝ ያደርግበታል። ከዚያ የሚገኘውን ዘር ይዘራል፣ ይመርጣል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ይዘራል። ዋግ ሆን ተብሎ እንዲበረታበት በተደረገ መሬት ላይ አስቀምጦ ይፈትነዋል። ደጋ ይፈትነዋል፣ ወይና ደጋ ይፈትነዋል፣ በገበሬ ማሳ ይፈትነዋል። ከማዳቀል እስከ ዝርያ መልቀቅ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። ከስንቱ መቶ መስመር አንድ ወይም ሁለት ቢተርፍ ነው። ያ የተረፈውም ሲለቀቅ ተመራማሪው አንድ ነገር በእርግጠኝነት ያውቃል፦ ዋግ አንድ ቀን ያሸንፈዋል። መቼ እንደሆነ አያውቅም እንጂ መሸነፉን ያውቃል።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜው አጭር መሆኑን የምታውቁትን ነገር ለመውለድ አሥር ዓመት ትሠራላችሁ? እነዚህ ሰዎች ይሠራሉ፤ ገና የመጀመሪያው ሳይለቀቅ የሚተካውን ያዳቅላሉ። ቢጫ ዋግ በተነሣበት ጊዜ ካካባና ደንደአ የሚባሉት ዝርያዎች ተለቀው ነበር። የተለቀቁት በ2002 ዓ.ም. ነው። ወረርሽኙን አይተው አልሠሯቸውም፤ ከብዙ ዓመት በፊት፣ ኩብሳ በክብሩ እያለ፣ «ይኼ አንድ ቀን ይወድቃል» ያለ ሰው ነበር። ከዚያ በበጋ በመስኖ ጭምር እየተባዛ ዘሩ በፍጥነት ወደ ገበሬው እንዲደርስ ተደረገ። ኦጎልቾ፣ ህዳሴ፣ ለሙ፣ ዋኔ ተከተሉ። የስንዴ ሳይንቲስቱ ኖርማን ቦርሎግ በ1970 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሸለመ፣ ብዙ አገር ከረሃብ ያዳነ ሰው ነው፤ እርሱም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ «ዋግ አይተኛም» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር እንጂ ድል አድርገናል ብሎ አልተቀመጠም።

«ክፉውን አስቀድሞ ማሰብ ጨለምተኝነት አይደለም ወይ?» ለምትሉኝ መልሴ ቁሉምሳ ነው። ኩብሳ ይወድቃል ያለው ሰው ነው ለእናንተ ደንደአን ያቆየላችሁ።

አሁን ከማሳው ወጥተን ወደ ቤት እንግባ፤ ወደ ተማሪዎቹ።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ 3.2 በመቶ፣ ቀጥሎ ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ይህን ቁጥር ስሰማ እንደማንኛችሁም ደነገጥሁ። የደነገጥሁት ግን ለውጤቱ ብቻ አልነበረም። እነዚያ ልጆች ፈተናው አዳራሽ እስኪገቡ ድረስ አብዛኞቹ «ታልፋለህ፣ ታልፊያለሽ፣ አይዞሽ» የተባሉ ልጆች ናቸው። ከነርሱ ጋር ቁጭ ብሎ «ሒሳቡ ላይ የትኛው ምዕራፍ ነው ያልገባሽ?» ብሎ የጠየቃቸው ስንት ሰው ነበር?

ጋብሪኤሌ ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዚህ የሚረዳ ነገር አጥንታለች። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን ሁለት ነገር ጠየቀቻቸው። አንደኛው፣ ሥራ የማግኘታችሁ ዕድል ምን ያህል ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ሁለተኛው፣ ሥራውን እንዳገኛችሁ አድርጋችሁ ምን ያህል ጊዜ በሐሳብ ትመላለሳላችሁ? ከሁለት ዓመት በኋላ ስታያቸው፣ ይሳካልኛል ብለው ያመኑት የተሻለ ደርሰው ተገኙ። እንደተሳካላቸው አድርገው በሐሳብ ሲመላለሱ የከረሙት ግን ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ሆነ። ሐሳባቸው ውስጥ ቀድመው ደርሰው ስለነበር ጉልበታቸው አልተቀሰቀሰም። እኔ ይህን ጥናት የምወደው «ተስፋ አትገንቡ» ስለማይል ነው። ተስፋ ያለው ሰው እንቅፋቱን ሲያስብ ይበረታል የሚሉት ደግሞ ሌሎች ጥናቶቿ ናቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የሞከረውን ያለፈ ዓመት ፈተና አብራችሁ ተመልከቱ። ፊደል ያልቆጠራችሁ ብትሆኑ እንኳ «የተሳሳትሽው የቱ ነው? አሳዪኝ» ማለት ትችላላችሁ። ልጁ ስህተቱን ለሚወደው ሰው ማሳየት ሲለምድ፣ ስህተት የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ ከማንም ስብከት በላይ ይገባዋል። ተማሪዎች፣ እናንተም ውጤታችሁን የምትደብቁት ስለምትፈሩ ነው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። የተደበቀ ነጥብ ግን አይሻሻልም።

በጤናም እንዲሁ ነው። ደም ግፊቱን ለመለካት «ምን ሊሉኝ ነው» ብሎ የሚሸሽ ሰው አለ። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ለማንም ሳትናገር ወራት የምታሳልፍ እናት አለች። ከሁለቱም ልብ ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ባውቀውም ያው ነው የሚሆነው። ያው አይደለም! ቶሎ የታወቀ የጡት ካንሰርና ዘግይቶ የታወቀ የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደሉም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ተስፋ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል፤ አርሲ ይህን በራሷ ላይ አይታለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ካዱ የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ተቋቁሞ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። የተሻሻለ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የወተት ላም አመጣ። ስንዴ በእውነት ትርፍ ሰጠ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ነገር ግን መሬቱ የባለመሬቱ ነው። ስንዴ እንደሚያተርፍ ሲታይ ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አፈናቀለ፤ ያላፈናቀለውም ኪራዩን ከፍ አደረገ። ስዊድኖቹ የመሬት ኪራይ ሕግ እንዲወጣ ቢወተውቱም ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። በምርት ዕድገት ተደስቶ ሪፖርት የሚጽፍ ሰውና ልጆቹን ይዞ ከመሬቱ የወጣ ጭሰኛ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ተራራ ሥር ኖረዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ እንጂ የተሰደደውን ሁሉ አልመለሰም።

ካዱን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። ቁሉምሳም የዚያ ዘመን ፍሬ ነው፤ ዛሬ የምትዘሩት ስንዴ መሠረቱ እዚያ ነው። የማነሣው ተስፋ ያለው ሰው ዘወትር «ለማን?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ስለማምን ነው። እኔ ሲያልፍልኝ ጎረቤቴ ምን ይሆናል? ይህን የማይጠይቅ በጎ እይታ ምርቱን አይቶ ሰውየውን ሳያይ ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ ደስ የሚለኝን የሄጦሳ ሥራ ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ከተራራ ምንጭ ተነሥቶ በስበት፣ ያለ ሞተር፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ወደ ገጠር ቀበሌዎችና ወደ ከተሞች የሚወርድ ውኃ ተሠራ። ዋተርኤይድ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ረዳ፤ ሕዝቡ ጉልበቱን አዋጣ። እኔን የሚገርመኝ ቧንቧው መዘርጋቱ አይደለም፤ ቧንቧ ተዘርግቶ በሁለት ዓመት የደረቀበት ስንት አገር አለ። የሄጦሳ ሰዎች ራሳቸው ኮሚቴ መርጠው፣ ለውኃው እየከፈሉ፣ የሚጠግን ሠራተኛ ቀጥረው አስተዳደሩት። ለጥገና ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ቧንቧው እንደሚሰበር አምኗል ማለት ነው። ተጠግኖም ውኃው እንደገና እንደሚፈስስ አምኗል።

ስለ ሯጮቹ ሳልናገር እንዳልወርድ የምትጠብቁ አላችሁ፤ አርሲ ላይ ቆሞ ሌላ መሆን አይችልም። የበቆጂን ልጆች፣ የአሰላውን ኃይሌን ለማንም ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ሆኖም ለወጣቶች ተስፋን ስናስተምር ባለ ወርቆቹን ብቻ ማሳየታችንን አልወደውም። በቆጂ ላይ ማለዳ ተነሥተው ከሚሮጡት አብዛኞቹ ኦሎምፒክ አይደርሱም፤ ያሸነፉትን ብቻ ቆጥረን «የለፋ ያሸንፋል» ብንላቸው እንዋሻቸዋለን። ከደራርቱ ቱሉ ታሪክ እኔ የማነሣው በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ያገኘችውን ወርቅ ሳይሆን በመካከል ያሉትን ዓመታት ነው። አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች፤ ሜዳሊያ የለም። ጉዳት ደረሰባት፣ ወለደች፣ ቀረች ተባለ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ አገኘች። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ፣ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እግሯን አሟት ወደ ኋላ ስትቀር «በርቺ፣ ነይ» እያለች ዞራ ታበረታታት ነበር። ተፎካካሪዋን! በራሱ ነገ የተማመነ ሰው የሌላው መበርታት አያስፈራውም።

ይህ ወደ መጨረሻው ነገሬ ይወስደኛል። ዋግ በነፋስ ይሄዳል አልኋችሁ። ማሳው ላይ ዋግ ያየ ገበሬ ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛው መድኃኒት መርጨት ነው። ሁለተኛው፣ የሚከብደው፣ ለጎረቤት መንገር ነው። «የእኔ ስንዴ ተበከለ» ማለት ያሳፍራል፤ ዘሬ መጥፎ ነው፣ እኔ ሰነፍ ነኝ እንደማለት ይመስላል። ሰው ዝም ይላል፤ ነፋሱ ግን ዝም አይልም። ዝም ባለበት በዚያ ሳምንት ብናኙ ሌላ ቀበሌ ደርሷል።

ይህን የሚያቀል ሥርዓት በአገራችን ተዘርግቷል። ገበሬ 8028 ደውሎ በሚገባው ቋንቋ የግብርና ምክር ያገኛል፤ የዋግ ማስጠንቀቂያም በስልክ መልእክት ይላካል። የግብርና ምርምር ተቋሞቻችን ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የነፋሱን አቅጣጫ እየተከተሉ ዋግ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ይተነብያሉ። ነገር ግን ማንኛውም ትንበያ የሚጀምረው አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶ «እዚህ አለ» ሲል ነው። ከዱዓውም ከጸሎቱም በኋላ ማሳ ውስጥ መግባት አለ፤ አባቶቻችን ሁለቱን አጣልተው አያውቁም።

መምህራን፣ ልለምናችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ስንዴው ቅጠል አውጥቶ ቆሟል። የሳይንስ ክፍለ ጊዜውን አንድ ቀን ከክፍል አውጡት። ልጆቹ ቢጫ ዋግን ከሦስተኛው ዓይነት ከቅጠል ዋግ፣ የቅጠል ዋግን ከግንድ ዋግ ለይተው ይወቁ፤ በጣታቸው ነክተው ይወቁት። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአባቱ ማሳ ዳር አልፎ መሄድ ሲችል ቆም ብሎ ቅጠል ይግለጥ። ካገኘ ሮጦ ለአባቱ ይንገር፤ አባትየው ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለግብርና ባለሙያው። ከቁሉምሳ ባለሙያ መጥቶ እንዲያሳያችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ፤ መንገዱ አጭር ነው። ዘንድሮ መጀመር የሚችል ትምህርት ቤት ካለ፣ ከዚህ ስወርድ አነጋግሩኝ።